ምጽዋታችን ለምን ከክረምት ይሸሻል? የጅማ ማኅበርተኞች ሐሳባችሁን አካፍሉን

የማኅበር ጸሐፊ
ሰኔ 14

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጅማ ካሉት የጽዋ ማኅበራት በአንዱ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ማኅበራችን በቅርቡ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ላይ ይመክራል። ከዚያ በፊት ሲያስጨንቀኝ የከረመውን ነገር እዚህ ላቅርብ፤ ከየትኛውም ሰፈርና አጥቢያ ያላችሁ ሐሳባችሁን ስጡበት።

ደግነታችን የሚሠራባቸው ቀናት ይታወቃሉ። ኅዳር ሚካኤል፣ ታኅሣሥ ገብርኤል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ መጋቢት መድኃኔዓለም፣ ፋሲካ። በእነዚህ ቀናት በቤተ ክርስቲያን በር የተቀመጡ ነዳያን ለሚሰጣቸው ዳቦ መያዣ ያጣሉ። አንዱ ማኅበር ንፍሮ ይዞ ሲመጣ ሌላው እንጀራ በወጥ ያመጣል፤ ስለቱ የደረሰለት ሰው ከደጀ ሰላሙ እስከ ዋናው መንገድ ብር እያደለ ይወጣል። ይህ መልካም ነው፤ አንድም ነገር አልቃወምበትም።

ነገር ግን ኅዳርና ታኅሣሥ በእኛ አገር እሸት ቡና የሚለቀምባቸው ወራት ናቸው። ጉልበት ያለው ሁሉ፣ እናትም ከነልጇ፣ ወደ ማና፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ሊሙ ወርዶ ለቅሞ የዕለት ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል። በየመጋዘኑ ቡና የሚያበጥሩ ሴቶች ሥራ አያጡም። አዲሱ በቆሎም ገበያ ገብቷል። ድሃው ድሃ ቢሆንም በእነዚያ ወራት የሚቀምሰው አለው።

አሁን ደግሞ ሐምሌንና ነሐሴን ተመልከቱ። ቡናው አልቋል። የግንባታ ሥራ በዝናብ ይስተጓጎላል። ያለፈው ዓመት እህል ከየጎተራው ተሟጥጦ ዋጋው ይወጣል። የጅማ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ሲያዘንብ ከርሞ በክረምቱ ይብስበታል፤ በአወቱ ወንዝ ዳር ባሉት የጭቃ ቤቶች ውኃው ከላይም ከታችም ይገባል፤ እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ሕፃናቱ ያስላሉ። በዚህ ጊዜ የእኛ ማኅበር ምን ያደርጋል? ዝናብ ነው ተብሎ ማኅበርተኛው ይቀራል። የሐዋርያት ጾምና ፍልሰታ ስለሆነ ድግስ የለም፤ ድግስ ከሌለ ለነዳያን የሚወጣ የለም። ምጽዋታችን ከራሳችን ማዕድ ጋር ተያይዞ ስለ ኖረ እኛ ስንጾም ድሃው ይራባል።

ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ መቁረስን፣ ቤት የሌለውን ድሃ ወደ ቤት ማስገባትን፣ የታረዘውን ማልበስን ነው የሚዘረዝረው። አባቶችም ጾመኛው ከማዕዱ ያስቀረውን ለተራበ እንዲሰጥ አስተምረውናል። ነሐሴ ከባተ እስከ 15 ድረስ በሱባኤ የምናሳልፈው ፍልሰታ በዓመቱ ውስጥ ድሃው ከሁሉ የበለጠ የሚታሰብበት ጊዜ መሆን ነበረበት። እንዴት ከሁሉ ያነሰው ሆነ?

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለዝክር ከምናወጣው ገንዘብ ለራሳችን መብልና መጠጥ የሚውለውን ቀንሰን ከሐምሌ መግቢያ እስከ እንቁጣጣሽ ለሚቆይ የቤት ለቤት እርዳታ እናስቀምጠው። ከዚህ ሌላ የጤና መድን መዋጮ መክፈል ያቃታቸውን ቤተሰቦች መዋጮ እንክፈል። ጤና መድኑ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የዞናችን ሊሙ ኮሳ ነበር። እጅግ ድሃ ተብለው ለተለዩት መንግሥት ይከፍልላቸዋል። በዚያ ዝርዝር ያልገባች፣ መዋጮውንም በአንድ ጊዜ ማውጣት የማትችል እናት ግን በመካከል ትቀራለች። ልጇ በሳንባ ምች ሲያዝ ያላትን ዕቃ የምትሸጠው እርሷ ናት።

ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ የአባቶችን ሥርዓት ማፍረስ ይሆናል ብለው ሠግተዋል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሰንበቴ እናት
ሰኔ 14

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሐምሌን እኔም አውቀዋለሁ፤ ያልከው እውነት ነው። ነገር ግን ዝክሩን ስትቀንስ ከማን ድርሻ ላይ እንደምትቀንስ ተጠንቀቅ። በዝክር ቀን ድሃውም ባለጸጋውም ቄሱ ከባረኩት ከአንድ ዳቦ ይቀምሳሉ። ይህ ከቀረና ነገሩ ሁሉ በመዝገብና በደረሰኝ ከሆነ ድሃው የምንረዳው ሰው ይሆናል እንጂ ከእኛው ጋር የሚቆርስ ወንድማችን መሆኑ ይቀራል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በልጅነቴ በሰንበቴው ቤት ለነዳያን ከውስጥ፣ ከእኛው ጋር ነበር ገበታ የሚቀርብላቸው። አሁን አዳራሽ ተሠርቶ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ለማኅበርተኛው በሳህን ይቀርባል፤ ለነዳያን በፌስታል ተቋጥሮ ከበር ውጭ ይሰጣል። ዝናብ ቢዘንብ እንኳ «ግቡና ተጠለሉ» የሚላቸው የለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 «ግብዣ ባደረግህ ጊዜ ድሆችንና ጉንድሾችን አንካሶችንም ዕውሮችንም ጥራ» ብሏል። ጥራ ነው ያለው፤ ቋጥረህ ላክላቸው አላለም። ጳውሎስስ የቆሮንቶስን ሰዎች በምን ገሠጻቸው? በአንድ ጉባኤ አንዱ ተርቦ ሌላው ሰክሮ ይወጣ ስለ ነበር አይደለምን?

ስለዚህ የክረምቱን ገንዘብ አስቀምጡ፤ እኔም አዋጣለሁ። ጠላውን አስቀሩት፤ የማኅበርተኛውን ሁለተኛ ሳህን አንሡት። ከነዳያኑ ድርሻ ግን አንዲት ጉርሻ እንዳትነኩ።

ዲያቆን ከጅሬን
ሰኔ 15

ሥርዓት ማፍረስ ይሆናል ለሚሉት አባቶች በአክብሮት የምመልሰው አለኝ፤ ለድሃ በዕቅድ መስጠት ከሐዋርያት ዘመን የመጣ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለቱ አገልግሎት ችላ ተባሉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ያን ጊዜ ሁሉም እንደ ልቡ ይስጥ ብለው አልተዉትም። በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ከእነርሱ አንዱ ነው። እኛ ዲያቆናት አገልግሎታችንን የምንቆጥረው ከእነዚያ ሰባት ነው፤ የተመረጡትም በማዕድ አከፋፈል ላይ በደል እንዳይኖር ነበር።

ቅዳሴውን የምንቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስም እንዲሁ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ360ዎቹ መጨረሻ፣ በቀጰዶቅያ ቂሳርያ ድርቅ ገብቶ ሕዝቡ ሲራብ ባለጠጎቹ ዋጋው እስኪወደድ ድረስ እህላቸውን ቆልፈው ያዙ። ባስልዮስ በዚያን ጊዜ ገና ቄስ ነበር፤ ጵጵስና አልተሾመም። በስብከቱ ገሥጾና ለምኖ ጎተራዎቹን አስከፈተ። ራሱም ወገቡን ታጥቆ ለተራቡት የጥራጥሬ ወጥ ያድል እንደ ነበር ወዳጁ ጎርጎርዮስ ጽፎለታል። ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከከተማው ውጭ ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን፣ በተለይም ሰው ለሚሸሻቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማረፊያ አሠራ። ያስተማረውም ትምህርት ከባድ ነው፤ አስቀምጠህ የያዝከው እንጀራ የተራበው ሰው ነው፤ በሳጥንህ የቆለፍከው ልብስ የታረዘው ሰው ነው ብሏል። በዚህ ትምህርት መሠረት ለድሃ የሚሰጥ ሰው ዕዳውን እየከፈለ ነው።

የማኅበር ጸሐፊው ስለ ክረምት ያለውን ከዚህ ጋር አያይዙት። ባስልዮስ የበዓል ቀን አልጠበቀም፤ ረኃቡ በገባበት ቀን ወጣ።

ዮሐንስ አፈወርቅም በአንጾኪያ ሲሰብክ መንበሩን በሐር እያስጌጡ ክርስቶስን በደጅ በብርድ ራቁቱን የሚተዉትን አጥብቆ ይወቅሳል። መንበሩ አይጌጥ አላለም፤ አስቀድማችሁ የተራበውን መግቡ፣ ከዚያ በተረፈው አስጊጡ ነው ያለው። በየአጥቢያችን ለጉልላትና ለምንጣፍ ገንዘብ ስናሰባስብ ይህ ቃል ከፊታችን ቢሆን እመኛለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ
ሰኔ 15

እኔ አንድ ሥጋት አለኝ። በበር ላይ ከሚቀመጡት መካከል ጤነኛና ወጣት የሆኑ አሉ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏል። ቤት ለቤት ዱቄት ማከፋፈል ሰውን ጠባቂ አያደርገውምን?

ቡና አበጣሪ ነኝ
ሰኔ 16

ወንድሜ ተማሪው፣ በክፋት እንዳልጠየቅህ ገብቶኛልና በእርጋታ ልመልስልህ። ሁልጊዜ አልጽፍም፤ ይህን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ከማለዳ እስከ ማታ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ከቡናው ጥቁሩንና የተሰበረውን፣ ጠጠሩንና ገለባውን የምለይ ሴት ነኝ። የምንከፈለው ባበጠርነው መጠን ነው። ቡናው ሲያልቅ «መስከረም ካለፈ በኋላ ተመለሱ» እንባላለን። ከዚያ ወዲያ ልብስ አጥባለሁ፤ በዝናብ ልብስ አይደርቅምና አሠሪዎቼ ይቀንሳሉ። እንጀራ እጋግራለሁ፤ እንጨቱ ይወደዳል፤ ጤፉንማ አታንሣው። የቤት ኪራዩ ግን ቡና አለቀ ብሎ አይቀርልኝም። አብረውኝ ከሚያበጥሩት መካከል ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከማያውቃቸው አጥቢያ በር ላይ የሚቀመጡ አሉ። ሐምሌ ላይ የምታያቸው በጥር ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጳውሎስ የገሠጸው ሥራ እያለው ሥራውን ጥሎ በሰው ቤት እየዞረ የሚበላውን ነው። እኛ ግን ሥራው ነው ጥሎን የሄደው።

የማኅበሩ ጸሐፊ ለጠየቁት ደግሞ ስለሚጠቅመን ነገር ልናገር። የአንድ ቀን ዳቦ ያስደስታል፤ በማግስቱ ግን ያው ነን። የበቆሎ ዱቄት ለወሩ ቢሆን ሴት ልጅ አብቃቅታ ታሳድርበታለች። ጣሪያው ለሚያፈስበት ቤት ላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ከእህል እኩል ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ ይመጣል፤ ብዙ ልጅ የሚቀረው በዚያን ጊዜ ነው። መንገድ ዳር በቆሎ ጠብሳ ወይም ጎመንና ድንች ቸርችራ ለማደር መነሻ ብቻ የጎደላት ሴት ደግሞ ሞልታለች፤ ለእርሷ ጥቂት ብር አበድሯት፤ ቡናው ሲገባ ትመልሳለች።

አንድ ልመና አለኝ፤ ፎቶ አታንሡን። ልጄ በትምህርት ቤት ጓደኞቿ አሏት። ዱቄት የተሸከመች እናቷ በየስልኩ ስትዞር እንድታይ አልፈልግም። ሲመሽ ብትመጡ፣ ቡና ቢኖረን አፍልተን፣ ባይኖረንም ቁጭ ብላችሁ ብታወሩን የሰጣችሁን ሁሉ ይጣፍጣል።

የማኅበር ጸሐፊ
ሰኔ 16

እኅቴ፣ የጻፍሽውን ለማኅበሩ ጉባኤ እንደ ወረደ አነብበዋለሁ። የፎቶውን ነገር በውሳኔው ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰፍር አደርጋለሁ።

ቡና ነጋዴ፣ መርካቶ ሰፈር
ሰኔ 17

የቡና አበጣሪዋን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር መናገር ግዴታዬ ሆነብኝ።

ብዙዎቻችን የማኅበር አባላት ነን። በስለት ቀን በሬ እናርዳለን፤ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ስማችን ተጠርቶ ይጨበጨብልናል። ያዕቆብ ግን በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ለእኛ የጻፈው አለ፤ «እነሆ፥ እርሻችሁን ያጨዱት የሠራተኞች ደመወዝ በእናንተ ተቀምቶ ይጮኻል» ይላል። በኦሪቱም የቀን ሠራተኛን ዋጋ እስከ ማግስቱ ማሳደር ተከልክሏል፤ ድሃ ስለሆነ ነፍሱ በእርሱ ላይ ናትና ፀሐይ ሳይገባ ክፈለው ነው የሚለው። ቅዳሜ ሊከፈላቸው የሚገባቸውን ሴቶች «ገዢው ገንዘብ አላስገባም» እያሉ ሁለት ሳምንት አመላልሶ እሑድ በበር ላይ ሳንቲም መስጠት በእግዚአብሔር ፊት ምን ይባላል? የተሰጠው ብር ከራሷ ከሴቲቱ የተወሰደ አይደለምን?

ስለዚህ በዚህ ውይይት ውስጥ ደመወዝ ከምጽዋት ይቅደም። ሠራተኛን በቀኑ መክፈል፤ ሚዛኑን ማስተካከል፤ በክረምትም ቢሆን መጋዘን የሚጸዳበት፣ ጆንያ የሚሰፋበት፣ የቆየ ቡና እንደገና የሚበጠርበት ሥራ ስላለ ሴቶቹን በተራ ማሠራት ይቻላል። በንግድ ሒሳብ ሲታይ ወጪው የማይቻል አይደለም፤ ልምድ ያላትን አበጣሪ መስከረም ላይ ፍለጋ ከመዞርም ያድናል። በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ ነጋዴዎች ተሰብስበን በዚህ ቃል ብንገባ ማኅበሩ ዱቄት የሚያደርስላቸው ቤቶች ቁጥር ራሱ ይቀንሳል።

ነርስ ነኝ
ሰኔ 17

ስለ ጤና መድን የተነሣው ሐሳብ በጣም አስደስቶኛል፤ እንዳይበላሽ ግን አሠራሩን አብራራለሁ።

አባል የሚኮነው በቤተሰብ ደረጃ ነው፤ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ደብተር ይገባሉ። ምዝገባና እድሳት የራሱ ወቅት ስላለው «ልጁ ታሟል፣ ዛሬ እንክፈልለት» ብሎ መሮጥ አይሆንም፤ ወቅቱን ከቀበሌው ጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። የሚከፈለው ለዓመት ስለሆነ አንድ ጊዜ ከፍሎ መተውም አይጠቅምም፤ በሁለተኛው ዓመት ካልታደሰ ቤተሰቡ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሕክምናውም ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት። ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የመጣ አባል ሙሉ ሽፋኑን አያገኝም። ይህን ባለማወቅ የሚያለቅሱ ሰዎችን በየጊዜው አያለሁ። ዱቄት ይዛችሁ ስትሄዱ ይህን ብታስረዱ ከዱቄቱ አያንስም።

ሌላው ማኅበራት ጨርሶ የማያዩት ድሃ አለ፤ አስታማሚው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል 15 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ የሪፈራል አገልግሎት ይሰጣል የሚባል ተቋም ነው። ከካፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉባቦር፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከጋምቤላ ድረስ ሰው ይመጣል። ሕመምተኛው አልጋ ያገኛል፤ አብሮት የመጣው ወንድሙ ወይም እናቱ ግን ጋቢውን ለብሶ ውጭ ያድራል። ለጥቂት ቀን ብሎ ይዞት የመጣው ገንዘብ ያልቃል። በከተማው ዘመድ የለውም፤ አንዳንዱ አማርኛም ኦሮምኛም አይችልም። ዕድሩ ያለው በአገሩ ነው፤ ሕመምተኛው ቢሞትበት አስከሬን ወደ ቀዬው የሚያደርስበት መኪና መከራየት አይችልም። በቤተ ክርስቲያን በር አይቀመጥም፤ ከሕመምተኛው ርቆ መሄድ ይፈራልና። ስለዚህ የማንም ምጽዋት አይደርሰውም።

ጌታ በማቴዎስ 25 «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ይላል። ሕሙማንን ለመጠየቅ ብርቱካን ይዛችሁ የምትመጡ ወጣቶች እግዚአብሔር ይባርካችሁ፤ ስትወጡ ግን በግቢው ጥግ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ሰው «ምሳ በላህ ወይ? ማን ታሞብህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። በክረምት የሚለበስ ብርድ ልብስ፣ ትኩስ ምግብ፣ ወደ አገር መመለሻ የመኪና ክፍያ ከሁሉ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው።

አባ መምሬ ነኝ ከገጠር አጥቢያ
ሰኔ 18

ልጆቼ፣ የምትናገሩት ሁሉ መልካም ነው። እኔን ያሳሰበኝ የስም ዝርዝሩና ሒሳቡ ነው። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» ተብለናል። በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው፤ ደዌ ለጸናበትና በውኃ ጥም ለሚቃጠል ሰው ስለ እመቤታችን ስም ብሎ አንድ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ያቺ ጥርኝ ውኃ በሚዛን ስታመዝን የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል እንሰማለን። ማን ይገባዋል፣ ማን አይገባውም እያላችሁ ስትመረምሩ ያ ውኃ ከእጃችሁ እንዳይፈስስ። በመንገድ የለመናችሁን ሰው «በዝርዝር ውስጥ አለህ?» ብላችሁ እንዳታልፉት።

የማኅበር ጸሐፊ
ሰኔ 18

አባቴ፣ ይፍቱኝ። በመንገድ ለሚለምነን መስጠቱ አይቀርም፤ የተዘረጋ እጅ ምርመራ አይደረግበትም። መዝገቡ የታሰበው እጁን መዘርጋት ላፈረና ደጃችን ላልመጣው ሰው ነው። ስማቸውንም የሚያውቁት ከማኅበሩ የተመረጡ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ፤ በጉባኤ አይነበብም።

የወንጌል አማኝ
ሰኔ 19

እኔ የመካነ ኢየሱስ አማኝ ነኝ፤ በዚህ ውይይት እንግዳ እንደማልሆን ተስፋ አደርጋለሁ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. በውጭ አገር ላሉ አጋሮቿ የላከችው ደብዳቤ ነበር። በዚያን ጊዜ የውጭ ድርጅቶች ለልማት ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ለወንጌል ሥራ ለመስጠት ግን ያመነቱ ነበር። ደብዳቤው ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ መክፈል እንደማይገባ፣ ለተራበው የሚደረገውና ለነፍሱ የሚነገረው አንድ አገልግሎት እንደሆነ አስረድቷል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ በዚያን ዘመን ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ፤ በኋላ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገድለዋል። ይህን የማነሣው ድሃን መርዳት የወንጌል ተጨማሪ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች በእኛም ዘንድ ስላሉ ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገርም አለኝ። በአንድ መንደር የእኛ ጉባኤ ለአንዲት መበለት ዱቄት ይሰጣል፤ የእናንተ ማኅበር ለዚያችው ሴት ይሰጣል፤ የካቶሊክ ምእመናንም እንዲሁ። ከጎኗ ያለው አካል ጉዳተኛ አባት ግን ማንም አይደርስለትም። ስም ሳንለዋወጥ እንኳ ቢያንስ «ይህን ሰፈር እኛ እናያለን፣ ያንን እናንተ እዩ» ብንባባል ምን ይከለክለናል?

ጎረቤታችሁ ሙስሊም
ሰኔ 19

ውይይታችሁን ከመጀመሪያው አነበብኩት፤ አላህ ይቀበላችሁ። እኛም ዘንድ ዘካ በዓመት አንድ ጊዜ ከተቀመጠ ሀብት ከመቶ ሁለት ተኩል ይወጣል፤ ብዙ ሰው ግን ረመዳንን ጠብቆ ስለሚያወጣ ረመዳን በማይውልበት ወቅት ድሃው ይረሳል። ያነሣችሁት ነገር የእኛም ጉዳይ ነው።

ጥያቄዬ ግልጽ ነው። ጅማ ላይ ብዙ ድሃ ጎረቤታችሁ ሙስሊም ነው። በአወቱ ዳር ውኃ የገባበት ቤት የፋጡማም የወለተ ማርያምም ነው። የምታደርጉት ለክርስቲያን ብቻ ነው?

ዲያቆን ከጅሬን
ሰኔ 19

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ከሃዲው የሮም ንጉሥ ዑልያኖስ ክርስቲያኖችን ይጠላ ነበር፤ የጣዖት አምልኮን ለመመለስም ደክሟል። ያስመረረው ግን ምን እንደሆነ ለአንድ የጣዖት ካህን በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይገኛል፤ እነዚህ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ ብሎ በወገኖቹ አፍሯል። ጠላታቸው የመሰከረላቸው በዚህ ነው። እኛ በጅማ በዕድር አብረን የምንቀብር፣ በሠርግ አብረን የምንበላ ሰዎች በዱቄት ጊዜ ብንለያይ ክርስትናችን ከዚያ ዘመን ክርስቲያኖች አንሶ ይገኛል።

የሰንበቴ እናት
ሰኔ 20

የፋጡማ ቤት የእኔ ጎረቤት ነው፤ ይህስ ጥያቄም አያስፈልገው።

ስለ ትልቅ ድርጅት የምታስቡ ካላችሁ ግን ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ የሄዱ ምእመን ነበሩ። በመንገድ በረኃብ የወደቀ ሕዝብ አዩ፤ ዳቦና ጸበል የያዙትን ሰጡ፤ ከሞተች እናት አጠገብ የተገኘችን ሕፃን ጨምሮ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ቤተሰብ ሲቃወማቸው ቤታቸውን ጥለው ከልጆቹ ጋር በጎጆ ኖሩ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ እጅግ ብዙ ሕፃናት በእርሳቸው ድርጅት አድገዋል። በጀት ኖሯቸው አልጀመሩም፤ የተራበው ሰው ከፊታቸው ስለ ነበረ ጀመሩ።

የማኅበር ጸሐፊ
ሰኔ 22

ለጉባኤው የማቀርበውን ከእናንተ ምክር ተነሥቼ አስተካክያለሁ። የነዳያን ድርሻ አይነካም፤ ከዚህ በኋላ በዝክር ቀን ከአዳራሹ ውስጥ ገበታ ይቀርብላቸዋል። የሚቀነሰው የማኅበርተኛው ጠላና ተጨማሪ ማዕድ ነው። ከሐምሌ 5 ጀምሮ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነን ማታ ማታ ቤት ለቤት እንወጣለን፤ ሃይማኖት አንጠይቅም፤ ፎቶ አናነሣም። ለአስታማሚዎች በፍልሰታ ከእያንዳንዱ ማኅበርተኛ የጾሙን ምሳ ግማሽ እንሰበስባለን። የጤና መድኑን ጉዳይ እኅታችን ነርሷ እንዳሉት ከቀበሌው ጋር ተነጋግረን በምዝገባው ወቅት እንጨርሳለን፤ ለእድሳቱም ከአሁኑ ገንዘብ ይለያል። ቡና ነጋዴው ወንድማችን የነጋዴዎቹን ስብሰባ እንዲጠሩልን እለምናቸዋለሁ። የወንጌል አማኙ ወንድማችን ሰፈር ስለ መከፋፈል ያነሡትን ሽማግሌዎቻችን ከእነርሱ ሽማግሌዎች ጋር ቢነጋገሩበት ይሻላል።

ገና ያልተወሰነው ዱቄቱ የት ይገዛ የሚለው ነው።

ቡና አበጣሪ ነኝ
ሰኔ 22

ዱቄት አትግዙ፤ በቆሎውን ግዙና አስፈጩት፤ ይረክሳል። ሐሙስ በሂርማታ ገበያ ከገጠር ይዘው ከሚመጡት ገበሬዎች በቀጥታ ውሰዱ። ለሐምሌ 5 ብላችሁ ሐምሌ እስኪገባ አትጠብቁ፤ ዝናቡ ሲጠና መንገዱ ስለሚበላሽ የሚመጣው እህል ያንሳል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ደረቅ መሆኑን እየነከሳችሁ እዩ፤ እርጥብ ከሆነ በሳምንት ይሻግታል። ለማስፈጨት ሰው ካጣችሁ እኔና ጓደኞቼ እንመጣለን፤ ማበጠርም እንችላለን።